ልሙት በተባለ ቁጥር የሚሞት ውሻ

ውሻ ማሰልጠን የጀመርኩት በሙቀት ምክንያት ነው። ጋምቤላን የማያውቅ ሰው ይህን ሰበብ ላይቀበለኝ ይችላል። የሚያውቅ ግን፣ በመጋቢት ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ሰው በረንዳው ላይ ተዘርሮ ምን ምን እንደሚያስብ አይጠፋውም። አንዳንዱ ትዳሩን ሊፈታ ያስባል፤ አንዳንዱ የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል። እኔ የምፈታው ትዳር የለኝም፤ ዝውውሩንም ጠይቄ መልስ የሚሰጠኝ አጥቻለሁ። ስለዚህ ውሻዬን ትርኢት ላስተምር ተነሳሁ።

ስልኬ ላይ የፈረንጅ ውሾችን አይቼ ነበር። በር ይዘጋሉ፣ ጫማ ያቀብላሉ፣ በሁለት እግራቸው ቆመው ይደንሳሉ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በዚያ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ለሚያንቀላፋ ክፍል የዓለምን ወንዞች ሁሉ ያስተማርኩ ሰው አንድ ውሻ እንዴት ያቅተኛል አልኩ። ዳማ የሚባለውን ውሻዬን ደግሞ ማንም አላመጣውም፤ በአንድ ክረምት ዝናብ ሊጠለል ግቢያችን ገብቶ፣ ዝናቡ ሲያባራ መውጣቱን ረሳው። መልኩ ዳማ ስለሆነ ዳማ አልነው።

"ቁጭ በል" የሚለውን ወዲያው ተማረ። ለነገሩ ቀድሞም ከመቀመጥ ሌላ ሥራ አልነበረውም። "እጅህን ስጠኝ" ትንሽ ዳቦ ፈጀ። ከዚያ "ሙት" ላይ ደረስን።

"ሙት" ሲባል በጎኑ ወድቆ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ምላሱን አውጥቶ ዝም እንዲል ነበር የፈለግኩት። ይህን ለውሻ በቃል ማስረዳት ስለማይቻል ራሴ ሠርቼ ማሳየት ነበረብኝ። ግቢው መሀል ተዘርግቼ እሞታለሁ፤ ዳማ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ሞቼ ስጨርስ ተነስቼ ዳቦውን እሰጠዋለሁ። እሱ በዚህ አካሄድ ቅሬታ አልነበረውም። አንድ ቀን እንዲህ አፌን ከፍቼ ሞቼ ሳለሁ አከራዬ እማማ ዘውዴ ከገበያ ገቡ። ዘንቢላቸው ከእጃቸው ሲወድቅ ሰማሁ። "መምህሩን ሙቀት ገደለው" ብለው ወደ ጎረቤት ሲሮጡ አቧራዬን እያራገፍኩ ከኋላቸው ሮጥኩ። ሬሳው ሲከተላቸው ሲያዩ ደግሞ ሩጫውን ጨመሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የሚሰጡኝ ከሩቅ ሆኑ።

እንደምንም ዳማ ገባው። ከገባው በኋላ ግን ከመምህሩ በለጠ። ሙት ሲሉት እንደ ተገነደሰ ግንድ ይወድቃል። ዝንብ አፍንጫው ላይ ሄዳ፣ ተመልሳ፣ ብትተኛበት እንኳን ቅንድቡን አያነቃንቅም። "ተነስ" የሚለውን ቃል ማስተማር አላስፈለገኝም፤ ዳቦ ካሳየሁት ራሱ ይነሳል። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኔ በጊዜው ልብ አላልኳትም።

ችግሩ የመጣው ከአማርኛ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሳንሞት አንውልም። እውነት ስንናገር እናቴ ትሙት፤ ስንዋሽማ የባሰ። ስንለምን ልሙት፣ ስንጋብዝ ልሙት፣ አልሄድም ስንል ልጄ ይሙት። ዳማ የቃሉን ጫፍ ብቻ ይዞ ስለቀረ ልሙትም ይሁን ይሙት ለእሱ ያው ትዕዛዝ ነው። አንድ ጠዋት ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች መንገድ ዘግተው ሲከራከሩ፣ አንደኛው "እናቴ ትሙት አልለቅም" ከማለቱ ዳማ አስፋልቱ መሀል ተዘረረ። ሁለቱም ጠባቸውን ትተው ማን ገጨው በሚል አዲስ ጠብ ጀመሩ። ዳቦ ፍለጋ ሱቅ ደርሼ እስክመለስ ሰው ተሰብስቦ ነበር።

እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ።

አብራኝ የምትኖር ወይንሸት የምትባል እህት አለችኝ፤ የምትሠራው ግብርና ቢሮ ነው። ዓምና ወባ ይዟት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ኡጁሉ የሚባል ነርስ አከማት። ኡጁሉ የአኝዋ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናገርም ቃል የሚቆጥብ። ወባው ለቀቃት፤ ኡጁሉ ግን አልለቀቃትም። ነገሩ እየጠና ሄዶ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ሽማግሌ ሲላክ ደግሞ የሚቀበለው ከደሴ የሚመጣው ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ደምሴ ነው። አባታችን ካረፈ ጀምሮ ሁለታችንንም ያሳደገን እሱ ነው። በስልክ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "ሳላየው አይሆንም።" ከድምፁ ግን ካየውም በኋላ የሚሆን አይመስልም ነበር።

ቅዳሜ ማታ ከአውቶቡስ ሲወርድ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቆ ነበር። ውሃ ስንሰጠው አልጠጣም አለ። ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው "የቆላ ውሃ ታይፎይድ አለበት" ብሎት ኖሯል። የታሸገ ውሃ ስናመጣለትም ክዳኑን አገላብጦ አይቶ አስቀመጠው። ወይንሸት ማዕድ ቤት ጠርታኝ፣ "እምቢ ሊል ነው የመጣው። ካልበላና ካልጠጣ እምቢ ማለቱ ነው" አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። "ነገ አንድ ነገር ብታበላሽ አልምርህም" ብላ ጨመረች። ምን ላበላሽ እችላለሁ ብዬ ገረመኝ።

ስለ ዳማ ለጋሼ ደምሴ መንገር ነበረብኝ። ግን እንዴት ብዬ ልንገረው? ይህ ሰው እኔን ለማስተማር ሌሊት ሌሊት የሠራ ሰው ነው። ተምሬ ያተረፍኩት ከውሻ ጋር መሬት ላይ መንከባለል መሆኑን ከሚሰማ ዝም ማለት ይሻላል አልኩ። ልሙት አትበል ብሎ መለመንም አይሆንም፤ ለጋሼ ደምሴ ልሙት አትበል ማለት አትተንፍስ እንደማለት ነው።

እሁድ ረፋድ ላይ የኡጁሉ አጎት አቶ ኦፒየው ከኢታንግ ደረሱ። ሦስት ሆነው ሊመጡ ነበር፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች መኪና አጥተው ቀርተዋል። በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን፣ በሌላው ከክንዴ የሚረዝም የባሮ አሳ አንጠልጥለዋል። በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ገቡና ለጋሼ ደምሴ እጃቸውን ዘረጉ።

"ሰላም ነህ? መንገድ ደህና አመጣህ?" አሉት።

አቶ ኦፒየው አማርኛን ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው፤ ለሁሉም ሰው አንተ ነው የሚሉት፤ በሥራ ዘመናቸው ቢሯቸው ለሚመጣ ባለሥልጣንም እንዲያው ነበር ይባላል። ጋሼ ደምሴ ይህን አያውቅም። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ፤ ቶሎም አልወረደም። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ ደህና ነዎት?" ሲል "እርስዎ" የምትለዋን ረገጥ አደረጋት።

ወይንሸት አሳውን ተቀብላ ሮጠች። አቶ ኦፒየው ሳይቀመጡ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "እኔ የመጣሁት በአንድ ጉዳይ..." ብለው ሲጀምሩ ጋሼ ደምሴ አቋረጣቸው።

"ጉዳዩ ይደርሳል። መጀመሪያ ምሳ ይብሉ።"

ጋሼ ደምሴ ሰውን እምቢ ሊል ሲያስብ አጥግቦ ነው የሚሸኘው። አቶ ኦፒየው ትንሽ ቆመው አሰቡና ተቀመጡ። ምሳው እስኪደርስ ስለ ዝናብ ተነጋገርን። ዝናቡ ሲያልቅብን ስለ ደሴ ብርድ ተነጋገርን። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ነገር ትዝ አይለኝም፤ ላብ ብቻ ትዝ ይለኛል።

አሳው ግማሹ በወጥ፣ ግማሹ በጥብስ ቀረበ። አቶ ኦፒየው በደስታ በሉ። ጋሼ ደምሴ አሳ አይወድም፤ አንድ ጉርሻ በሚጥሚጣ ነክሮ ለራሱ ይጎርስና ሁለተኛውን ከጠረጴዛው ሥር ይጥላል። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ዳማ አለ። ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ እዚያ ሲሚንቶው ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አይጠፋም። አቶ ኦፒየውም በበኩላቸው የአሳውን ራስ ሰጡት። ውሻው በሕይወቱ እንዲህ ተጋብዞ አያውቅም።

ጋሼ ደምሴ ጋባዥነቱን ለማሳየት ወፍራም ጉርሻ ጠቀለለና ወደ አቶ ኦፒየው ዘረጋ። ሊመጣ ያለው ታየኝ። "ጋሼ" ብዬ አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

"እኔ ልሙት፣ ይቺን ብቻ።"

ከሥር ድብ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳማ ከጠረጴዛው ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ የአሳ ጅራት በአፉ እንደያዘ፣ በጎኑ ተዘርግቷል። ዓይኑ በግማሽ ተከፍቶ ግድግዳውን ያያል።

ጋሼ ደምሴ ጉርሻውን አየር ላይ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አየው። "ምን ሆነ ይሄ ውሻ?"

"ምንም አልሆነም፤ ጨዋታ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት" አልኩ።

"መሞት አስተማርከው?"

"አዎ።"

ወንድሜ እንደ እብድ አየኝ። ወይንሸት ከበሩ ላይ፣ "እውነቱን ነው ጋሼ፣ ሁልጊዜ ያደርገዋል" አለች። እኔም ለማሳየት ከመሶቡ እንጀራ ቆርሼ አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት። አልተነሳም። ዳቦ አመጣሁ። አልተነሳም። ቋንጣ ከማዕድ ቤት አመጣሁና በአፍንጫው ዙሪያ አዞርኩለት። ዳማ ሆዱ በአሳ ተወጥሮ፣ ገላው በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ተንጣሎ፣ ለቁራሽ ቋንጣ የሚነሳበት ምክንያት አልነበረውም። ይህ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ቋንጣውን ጥዬ አጠገቡ ተንበረከኩ።

"ልቡ ይመታል?" አለ ጋሼ ደምሴ።

ደረቱ ላይ እጄን አሳረፍኩ። የሚመታ ነገር አለ፤ የእሱ ይሁን የእኔ ግን መለየት አቃተኝ። "ይመታል መሰለኝ" አልኩ።

"እንግዲያው ገና እየሞተ ነው ማለት ነው።"

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። ከዚያ እንዳይናገር የምፈራውን ተናገረ። "እኛ አገር ወንዝ ላይ ብርብራ የሚባል የዛፍ ፍሬ በትነው አሳውን አደንዝዘው ይይዙታል። ይሄም አሳ ምን እንደነካው ማን ያውቃል።"

አቶ ኦፒየው እጃቸውን በዝግታ ከትሪው አነሱ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

"አሳውን ዛሬ ጠዋት ሌላው የወንድሜ ልጅ በመረብ አወጣው። እኔ መርዝ ይዤ አልመጣም" አሉ።

"አመጡ አላልኩም። እኔ ልሙት እንደዚያ አላልኩም።"

"ጋሼ፣ እባክህ አትማል" አልኩ ውሻውን እያየሁ። የተዘረጋው እግሩ ይባስ ብሎ ሲወጠር ያየሁ መሰለኝ።

ያኔ ወይንሸት ከበሩ ላይ መጣች። ምንም ሳትናገር በእጇ ሙሉ አሳ ከትሪው ዘግና በቁሟ መብላት ጀመረች። ወንድሜን ዓይን ዓይኑን እያየች አላምጣ ዋጠች፤ እንደገና ዘገነች። እንባዋ በአፏ ጥግ እየወረደ ከወጡ ጋር ይደባለቃል። አቶ ኦፒየው አዩዋትና ወደ ትሪው ተመልሰው እሳቸውም መብላት ጀመሩ። እኔም በላሁ። አሳው ጣዕም ነበረው አልነበረውም ብትሉኝ አላውቅም።

ጋሼ ደምሴ ተነሳ። ይቅርታ ሊል ይሁን ሊቆጣ እስካሁን አልገባኝም፤ ምክንያቱም ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ግድግዳውን ያዘ። "ምላሴ ደንዝዟል" አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ቤቱ ይዞራል" አለና ጉልበቱ ከዳው።

መሬት ሳይደርስ የያዙት አቶ ኦፒየው ናቸው። ያን ወፍራም ወንድሜን በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላ በኩል እኔ ይዘን ወጣን። ወይንሸት ልትከተለን ስትል፣ "አንቺ ከውሻው ጋር ቆዪ። አንድ ነገር ከሆነ ደውዪ" አልኳት። አሁን ሳስበው ውሻው ሞቶ ከሆነ ሌላ ምን ይሆናል? በባጃጁ ውስጥ ጋሼ ደምሴ መሀል ተቀምጦ ራሱን በአቶ ኦፒየው ትከሻ ላይ ጣለ። እኔም ሆዴን ማዳመጥ ጀመርኩ። ሆድ ደግሞ ካዳመጡት የማይናገረው የለም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ተረኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኡጁሉ። ቤታችን ተቀምጠው ሊለምኑለት የሄዱት አጎቱ እምቢ ሊለው የመጣውን ሰውዬ ተሸክመው ሲገቡ አየ። ጓንቱን እያጠለቀ ነበር፤ አንዱ ጣት ገብቶ ሌላው ሳይገባ ቆመ። ከዚያ አልጋ አሳየን።

ምን እንደበላ፣ መቼ እንደበላ፣ ሌሎቻችን ምን እንደሚሰማን ጠየቀ። የደም ግፊቱን ለካ፣ የእጁን ቆዳ ቆንጥጦ አየ። "ዛሬ ውሃ ምን ያህል ጠጥተዋል?" አለው።

"አልጠጣሁም።"

"ትናንትስ?"

"ትናንትም።"

"የጎዳዎት የውሃ እጥረትና ሙቀት ነው፤ ግሉኮስ አደርግልዎታለሁ፤ አይዞዎት" አለው። ጋሼ ደምሴ ግን ሐኪም ሁሉ ለሚሞት ሰው አይዞህ እንደሚል ስለሚያውቅ አላመነውም። መርፌው እጁ ላይ ሲገባ ዓይኑን ጨፈነ። የግሉኮሱ ማንጠልጠያ ብረት ሌላ ሕመምተኛ ጋር ስለነበረ አቶ ኦፒየው ከረጢቱን ተቀብለው ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አልጋው አጠገብ ቆሙ። ከዚያ ቁመት የሚበልጥ ብረት መቼም የለም።

ኡጁሉ የወንድሜን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል። ጋሼ ደምሴ ዓይኑን ሳይገልጥ መናገር ጀመረ።

"አቶ ኦፒየው፣ የመጣሁት እምቢ ለማለት ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ስለማመደው ነው የመጣሁት። ልጁን ጠልቼ አይደለም፤ አላውቀውም። ያቺን ልጅ አባታችን ሲያርፍ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። እዚህ ካገባች ደሴ አትመለስም፤ እኔ ማን ይቀረኛል ብዬ ነው።" ትንሽ አረፈ። "በአሳው ነገር የተናገርኩትን ይተዉልኝ። ካልተነሳሁ እሷን ለእርስዎ አደራ ብያለሁ። የእናንተ ትሁን።"

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ወንድሜ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ እኔም እንደምቀርለት ሳይቆጥረኝ መቅረቱንም ለጊዜው ረሳሁት።

"እኔ መርዝ አላመጣሁም። አሁንም እሱን ነው የምለው" አሉ አቶ ኦፒየው።

"አውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

"እንግዲያው አልቋል።"

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ወይንሸት ናት። "ድስት ሳጥብ ድምፁን ሰምቶ መጣ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ድስቱን ያየዋል" አለችኝ። ከድምፅዋ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። ለሁሉም ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው፤ ውሻው ደህና ነው፣ አሳው ደህና ነው፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ጋሼ ደምሴ ዓይኑን ገለጠ። ኡጁሉን አየው። "እንግዲያው አልሞትም?"

"ሲገቡም ነግሬዎታለሁ" አለ ኡጁሉ።

ወንድሜ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እኔ ከውሻው መሞት ይልቅ ያን ዝምታ ፈራሁት። የሚሞት ሰው የሰጠውን ቃል የዳነ ሰው ሊያጥፈው ይችላል፤ በዚህ ላይ የሰጠው በውሻ ተታሎ ነው። አቶ ኦፒየውም ገብቷቸዋል፤ ከረጢቱን እንደያዙ ከላይ ወደ ታች ያዩታል። ጠብታው ሲወርድ ይታየኛል።

"ክንድዎ ደክሟል፤ ይቀመጡ" አለ ጋሼ ደምሴ በመጨረሻ።

"የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልናገር አልቀመጥም" አሉ አቶ ኦፒየው።

"እንግዲያው ይናገሩ።"

ያ ረጅም ሰው በአንድ እጃቸው ግሉኮሱን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ሌላውን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሦስት ሆነን ልንመጣ ነበር፤ ብቻዬን መጣሁ። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ልል ነው የመጣሁት። ቤታችን ትልቅ አይደለም። ግን ሰው ወድቆ ዝም አንልም።"

ጋሼ ደምሴ ለመቀመጥ ሞከረ፤ ኡጁሉ ደግፎ አስቀመጠው። "ሰጥተናል። ቀኑን ዘመድ አማክሬ እልክባችኋለሁ" አለ። ቀጥሎም ውሃ ጠየቀ።

ውሃውን አምጥቼለት ስወጣ ኡጁሉን ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ጨምቆ ይዟል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"መርፌውን ስወጋው እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም። መምህር፣ ያን ደም ስር ብስተው ኖሮ እህትህን በሕይወቴ አላገኛትም ነበር" አለኝ።

"አልሳትከውም" አልኩት።

ከክፍሉ ውስጥ የተረኛ ነርስ ያለህ የሚል ድምፅ ተሰማ። ኡጁሉ ሊነሳ ሞከረ፤ እግሩ እምቢ አለው፤ እኔ ክንዱን ይዤ አነሳሁትና ገባ።